የመጀመሪያው የአጋዘን አደን፦ ረዳት ሆኖ የሚወጣ ሰው ምን ይወቅ?

ታቦር_ሥር (ሐዋሳ)

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ጋር ተቀጥሬ ወደ አርሲና ባሌ ደጋ ልወጣ ነው። ሥራዬ ዱካ ተከታዩንና ቆዳ ገፋፊውን ማገዝ ነው። የሚመጣው እንግዳ በዒላማ ወረቀት ላይ ተኩሶ ያውቃል፣ እንስሳ ግን አድኖ አያውቅም። ፈቃዱ ለአንድ አውራ የደጋ አጋዘን ብቻ ነው።

እዚህ ሐዋሳ ያሉ ልጆችን ስጠይቅ ሁሉም የሚያወራው ስለ ጠመንጃው ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ከተኩሱ በፊት ረዳት ምን ያደርጋል? ከተተኮሰ በኋላ እንስሳው ሮጦ ጫካ ቢገባ ምን ይደረጋል? ሥጋው እንዳይበላሽ፣ ቆዳውም ፀጉሩ እንዳይረግፍ ምን ያህል ሰዓት አለኝ? ስንት ኪሎ ጨው ይዤ ልውጣ? የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልኝ አመሰግናለሁ።

የወንዶ_ገነት_ልጅ

መጀመሪያ የትኛውን እንስሳ እንደምትፈልጉ በደንብ ይታወቅ፤ በዚህ አገር ስህተት የሚጀምረው ከዚያ ነው። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከስምጥ ሸለቆ ምሥራቅ ባሉት ደጋዎቻችን ብቻ የሚኖር ነው፤ ባሌ፣ አርሲ፣ ጨርጨር። ለሳይንስ የተዋወቀው ዘግይቶ በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። በአሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው እሱ ነው። በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ስለሆነ የሚታደነው በቁጥጥር ሥር ባሉ የአደን ቀበሌዎች፣ በዓመታዊ ኮታ፣ የመንግሥት ስካውት (የዱር እንስሳ ጠባቂ) አብሮ ባለበት ብቻ ነው። መሠረቱ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጁ ነው። ዲንሾ አካባቢ ጋይሳይ ላይ ከመንገዱ ዳር ቆሞ የምታየው አጋዘን በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለ ነው፤ እሱ አይነካም። ከሻሸመኔ ወዲያ ሰንቀሌ ያለው ቆርኬም እንዲሁ።

ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ይህ ግን አይበቃም፤ ወጣቱን ወንድ ከሽማግሌው መለየት አለባችሁ። የወጣቱ ቀንድ ጠመዝማዛውን አልጨረሰም፣ ጫፉም ሹልና ጥቁር ነው። የሽማግሌው ቀንድ ግራና ቀኝ ሰፋ ብሎ ወጥቶ ጫፉ ተፍቆ ነጣ ይላል፤ ሰውነቱ ይጠቁራል፣ አንገቱ ይወፍራል፣ የጀርባው ጋማ ይጎላል። ክብደቱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከወደቀ በኋላ ሁለት ሰው የሚያገላብጠው እንስሳ አይደለም፣ የሰው ኃይል አስቀድማችሁ አስቡ።

ሌላው፣ ከመንጋ መሀል አይተኮስም። ጥይቱ አውራውን አልፎ ከኋላ ያለችውን እንስት ሊመታ ይችላል። በሳፋሪ አደን በተለመደው አሠራር ደም የፈሰሰበት እንስሳ ተገኘም ጠፋም እንደታደነ ይቆጠራል። ረዳት ሆነህ ከኋላው ሌላ እንስሳ መኖሩን ካየህ እንግዳውን ለሚመራው ባለሙያ አዳኝ ወዲያው ንገር፤ ዝም ማለት ትሕትና አይደለም።

ዱካ_በጠዋት (ዶዶላ መንገድ)

ከተኩሱ በፊት ያለውን እኔ ልጻፍልህ።

ንፋስ ከሁሉ ይቀድማል። አጋዘን ዓይኑን ታታልለዋለህ፣ አፍንጫውን ግን አትችለውም። በደጋው ማለዳ ላይ ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ስለዚህ በጠዋት ከታች ወደ ላይ መቅረብ ይቻላል። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው፣ ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት መካከል፣ አየሩ ዞሮ ወደ ላይ ይነሳል። ያን ጊዜ ከታች እየወጣህ ከሆነ ሽታህ ቀድሞህ ይደርሳል። በሚዞርበት ግማሽ ሰዓት አየሩ ወዲህም ወዲያም ይላል፤ ያኔ መቅረብ ትቶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የደቀቀ አመድ በስስ ጨርቅ ቋጥረህ ያዝ፤ በየሃምሳ እርምጃው አንዴ ጠቅ አድርገህ አራግፈውና ወዴት እንደሚሄድ እይ። ከሲጋራና ከሽታ ሳሙና መራቅ አለብህ፤ ሌሊቱን ከምድጃ አጠገብ ያደረ ጋቢም ይዘህ አትውጣ።

ፍለጋው በእግር ሳይሆን በዓይን ነው። ገና ሳይነጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣችሁ በባይኖኩላር የአስታውን (የደጋውን ቁጥቋጦ) ጫፍና የሣሩን ዳር ትቃኛላችሁ። አጋዘን ማለዳና ማታ ከቁጥቋጦው ወጥቶ ይበላል፣ ቀኑ ሲሞቅ አስታው ውስጥ ይተኛል። ስትቃኝ ሙሉ እንስሳ አትፈልግ፤ የጆሮ እንቅስቃሴ፣ የቀንድ ጫፍ፣ በእግሮች መሀል ያለች ነጭ ነጥብ ፈልግ። አንዱን ቦታ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለህ አይተህ ስትጨርስ እንደገና ከቀኝ ወደ ግራ እየው። ድኩላ ከጮኸባችሁ በዚያ ገደል ላይ የሚቀጥለው ሰዓት አለቀ፤ ሌላ ቦታ ሂዱ።

አዲስ አዳኝ ላይ የሚበላሸው ነገር ይታወቃል። 3,000 ሜትር ላይ ሽቅብ ወጥቶ ልቡ እየመታ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ መተኮስ ነው። ስለዚህ እንግዳው ካምፕ በደረሰ ቀን አይታደንም። አንድ ሁለት ቀን ከፍታውን ይልመድ፣ ውሃ ይጠጣ። ጠመንጃው በአውሮፕላንና በመኪና ተንገላቶ ስለመጣ መጀመሪያ ዒላማ ላይ ይፈተሽ። ለምሳሌ 30-06 የሚባለው ጠመንጃ ባለ 180 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) ጥይት በ100 ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ያህል ከፍ ብሎ እንዲመታ ከተስተካከለ በ200 ሜትር አካባቢ መሀሉን ይመታል፤ በ300 ግን ከስንዝር በላይ ይወርዳል። ከዚያ ባለ ሦስት እግሩን ድጋፍ ተክሎ፣ ቁጭ ብሎ፣ ተኝቶም ከሻንጣ ላይ ይተኩስ። አምስቱንም ጥይት 20 ሴንቲ ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ማስገባት የሚችልበት ርቀት የእሱ ወሰን ነው። 150 ሜትር ከሆነ 150 ነው፤ አጋዘኑ 220 ላይ ቢቆም አይተኮስም።

የሚመታበት ቦታ፦ እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም በፊት እግሩ መስመር ሽቅብ ትሄድና ከደረቱ ጠርዝ የቁመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ ትቆማለህ። ልቡና የሳንባው የታችኛው ክፍል እዚያ ነው። የደጋ አጋዘን የጀርባ ጋማው ረጅም ስለሆነ ሰውነቱ ከእውነቱ የላቀ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ጀማሪ ከፍ አድርጎ የሚስተው። ገደል ላይ ሽቅብም ቁልቁልም ሲተኮስ ጥይቱ ከታሰበው ከፍ ይላል፤ የሚቆጠረው የገደሉ ርዝመት ሳይሆን አግድሙ ርቀት ነው።

ረዳቱ ተኩሱ ሲቃረብ ጆሮው ሥር «ተኩስ፣ ተኩስ» አይበል። አንድ ሰው ብቻ ይናገር፣ እሱም ባለሙያ አዳኙ ነው።

ታቦር_ሥር (ሐዋሳ)

ጋሽ ዱካ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የንፋሱን ነገር እንዲህ አድርጎ የነገረኝ የለም። ተኩሱ ከተሰማ በኋላስ?

ዱካ_በጠዋት (ዶዶላ መንገድ)

የረዳት ዋናው ሥራ እዚያ ነው የሚጀምረው። ተኩሱ ሲሰማ ሰው ሁሉ ጭሱንና እንግዳውን ያያል፤ አንተ እንስሳውን እይ።

ወደ ላይ ዘልሎ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በኃይል ከሮጠ ልብ ወይም ሳንባ ተመትቷል፤ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 150 ሜትር ሮጦ ይወድቃል። ጀርባውን ቆልምሞ፣ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ቀስ ብሎ ከተራመደ ሆዱ ተመትቷል። እንደ ከረጢት ባለበት ዝርግፍ ካለ ደግሞ ሁሉም ይደሰታል፣ አደገኛው ግን ይኼ ነው። ጥይቱ ከአከርካሪው በላይ ያለችውን የአጥንት ሹል ብቻ ነክቶት ሊሆን ይችላል። እንዲህ የወደቀ አጋዘን ከደቂቃ በኋላ ተነስቶ እንዳልተመታ ይሄዳል። ስለዚህ እንግዳው ከተኮሰ በኋላ ወዲያው ሌላ ጥይት ያጉርስ፣ ዓይኑን ከቴሌስኮፑ አይንቀል፣ ከተነሳ ይድገመው።

ከዚያ ሁለት ቦታ ምልክት ይደረግበታል። አንዱ የተተኮሰበት ነው፤ አንድ ሰው እዚያው ቆሞ ይቅር፣ በእጁ ይምራችሁ። ገደሉን ተሻግራችሁ ከማዶ ስትደርሱ ሁሉም አስታ አንድ ዓይነት ይመስላልና። ሁለተኛው እንስሳው ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ነው፤ አጠገቡ ያለውን ዛፍ ወይም ድንጋይ ለይተህ ያዝ።

ደሙን ማንበብ ተማር። ሮዝ ሆኖ አረፋ ያለው ደም የሳንባ ነው። ደማቅ ቀይ ሆኖ በፍንጥቅጣቂ የሚታየው የልብ ወይም የትልቅ ሥር ነው። ጠቆር ያለው የጉበት ነው። ውሃ የመሰለ፣ አረንጓዴ ቅንጣት ያለበት፣ የፈርስ ሽታ ያለው የጨጓራ ነው። ደማቅ ሆኖ በመጀመሪያው ሃምሳ ሜትር ብዙ ከፈሰሰ በኋላ እየሳሳ ከሄደ የእግር ወይም የሥጋ ቁስል ነው፤ ይህ ረጅም መንገድ ያስኬዳል። የወደቀ ፀጉርም ይናገራል። ነጭና ለስላሳ ከሆነ ከሆድ ሥር ነው፣ ረጅምና ጥቁር ከሆነ ከጀርባ ነው።

ዱካው ላይ አትሂድ፣ ከጎኑ ሂድ፤ ረግጠህ ካጠፋኸው ተመልሰህ የምታየው የለህም። በየደሙ ነጠብጣብ ላይ ትንሽ ሶፍት አንጠልጥል። ሲጠፋባችሁ ወደኋላ ዞር ብላችሁ የሶፍቱን መስመር ስታዩ አቅጣጫው ራሱ ይታያችኋል። መሬት ብቻ አትመልከት። በቅጠሉ የታችኛው ገጽና በቁጥቋጦው ግንድ ላይ ያለው ደም ከመሬት ስንት ሴንቲ ከፍ እንዳለ ካየህ ቁስሉ የት እንዳለ ይነግርሃል፤ ከሁለቱም ጎን ካለ ጥይቱ አልፎ ወጥቷል።

ደም ከጠፋ በኮቴው ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ቁረጥና የኮቴውን ርዝመትና የእርምጃውን ርቀት በቢላዋ ምልክት አድርግበት። ሌላ የአጋዘን ኮቴ ሲቀላቀል ልኩ ይለይልሃል። የሚሮጥ እንስሳ ኮቴው ይከፈታል፣ አፈሩን ወደኋላ ይበትናል። ጭራሽ ከጠፋ አንድ ሰው የመጨረሻው ምልክት ላይ ይቁም፣ ሌላው ክቡን እያሰፋ ይዙር። አሥር ሰው ተበታትኖ ጫካ መግባት ግን ዱካውንም እንስሳውንም ማጣት ነው።

ተኝቶ ስታገኘው ከኋላው፣ ከጀርባው በኩል ቅረብ፤ ከቀንዱና ከእግሩ ፊት አትቁም። በረጅም እንጨት ዓይኑን ንካ። ካልጨፈነ አልቋል። ከዚያ በኋላ ጠመንጃው ጥይቱ ይውጣ።

አስታ_ደን

ጋሽ ዱካ ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንዳለበት አልጻፉም። ደንቡ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ሆድ ከሆነ ደግሞ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ። ውጭ አገር ያሉት ሆዱ የተመታውን ሚዳቋ እስከ ማግሥቱ ይተዉታል።

ዱካ_በጠዋት (ዶዶላ መንገድ)

ልክ ነህ፣ ሳይነካ የተተወ እንስሳ ቅርብ ቦታ ይተኛል፣ የተባረረ ግን ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሳንባ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ጉበት ከሆነ ሦስት አራት ሰዓት፣ ሆድ ከሆነ ስድስት ሰዓትና ከዚያም በላይ።

ነገር ግን የውጭውን ልማድ ለባሌ እንዳለ መውሰድ አይቻልም። እዚህ ጅብ አለ። ሌሊቱን የተተወ አጋዘን ጠዋት ቀንዱና አጥንቱ ቢገኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብ አለ፤ ከባድ ዝናብ ደሙን በደቂቃዎች ውስጥ ያጥበዋል። ስለዚህ ሰማዩ ከጠቆረ ግማሽ ሰዓቱን አትጠብቅም፤ ቀስ ብለህ፣ በየአሥር እርምጃው እየቆምክና ወደፊት በባይኖኩላር እያየህ ትጀምራለህ። መፍትሔው ግን ከተኩሱ በፊት ያለው ውሳኔ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ አይተኮስም። በዚያ ሰዓት ሆድ ከተመታ ከፊትህ ያለው ጨለማና ጅብ ብቻ ነው።

ሐይቅ_ዳር

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በቁጥር የቀረ እንስሳ እንዴት እንደሚገደል እንዲህ በዝርዝር መጻፍ ልቤን ያሳዝነዋል። አሥር ሳንቲም ላይ አትመን ደን ውስጥ እንገድለው?

የወንዶ_ገነት_ልጅ

እህቴ፣ ሐዘንሽ ተገቢ ነው፣ እኔም እጋራዋለሁ። የደጋ አጋዘንን በዋናነት እየገፋው ያለው መኖሪያው መጥበቡ ነው፤ እርሻው ወደ ላይ መውጣቱ፣ ከብቱ ደኑ ውስጥ መሰማራቱ፣ አስታው ለማገዶ መቆረጡ። በኮታ የሚታደነው ዘር ሰጥቶ የጨረሰ ሽማግሌ አውራ ከሆነ፣ ቆጠራውም በታማኝነት ከተሠራ፣ ለአካባቢው ሰው ደኑን የሚያቆይበት ምክንያት ይሆናል። ሁለቱ «ከሆነ» ካልተሟሉ ግን አንቺ ትክክል ነሽ። ወጣት ወንድ የሚመታ ወይም አቁስሎ የሚጥል ቡድን ኮታውን ትርጉም ያሳጣዋል። ለዚህ ነው ረዳቱ በደንብ ማወቅ ያለበት።

አባ_ፎጊ (ኮፈሌ)

ስለ ሥጋው አንድ ነገር ልጨምር፣ በተግባር ጠብ የሚያስነሳው እሱ ነውና። እንስሳው የሚያመሰኳና ሰኮናው የተሰነጠቀ ስለሆነ በዓይነቱ ችግር የለበትም። ጥያቄው ማን መታው፣ ምን ተብሎ ተመታ፣ በሕይወት ከተደረሰበትስ ማን አረደው ነው። ሥጋው የሚከፋፈልበት መንደር አብዛኛው ሙስሊም ከሆነ ከአደኑ በፊት ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። በቢስሚላህ ተተኩሶ ሲደረስበት የሞተ አደን ሊበላ ይችላል፣ በሕይወት ከተገኘ ደግሞ መታረድ አለበት። ክርስቲያኑም በበኩሉ በስመ አብ ያልተባለበትን አይበላም። ይህ ሳይወሰን ከወደቀ አንድ መቶ ኪሎ ሥጋ ማንም ሳይነካው ጅብ ይበላዋል።

ሌላ ጣጣም አለ። ጉሮሮው በአግድም ከታረደ ለማስታወሻ የሚፈለገው የአንገት ቆዳ ተበላሸ። እንግዳው ቆዳውን ይፈልጋል፣ መንደሩ ሥጋውን ይፈልጋል። የቱ እንደሚቀድም ካምፕ ውስጥ ሳላችሁ ተነጋገሩ፣ ቢላዋ ከተመዘዘ በኋላ አይሆንም።

ሐኪም_ሻሸ (የእንስሳት ሐኪም)

የሥጋውን ንጽሕና በተመለከተ።

መጀመሪያ እንስሳው ሳይመታ በፊት ምን ይመስል ነበር? ከስቶ፣ ምራቁ እየወረደ፣ እያነከሰ ከነበረ ስካውቱ ይወቀው። ሞቶ የተገኘና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚወርድ እንስሳ ከሆነ ፈጽሞ አይከፈት፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ጤነኛም ቢሆን ጓንት አድርጉ፣ በተለይ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው።

ሆድ ዕቃው በአንድ ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ደጋው ቢቀዘቅዝም የአጋዘን ቆዳ ወፍራም ነው፤ ውስጡ ያለው ሙቀት በራሱ አይወጣም። ጨጓራው ደግሞ ከሞተ በኋላም ስለሚብላላ ይነፋል። በጀርባው አስተኙት፣ ራሱ ወደ ዳገቱ ይሁን። ፊንጢጣውን ዙሪያውን በጠባብ ቢላዋ ፈልቅቃችሁ በሲባጎ እሰሩት። ከዚያ ከሆዱ ታች ትንሽ ቀዳዳ ክፈቱ፤ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ገብተው ቆዳውን ወደ ላይ ይያዙ፣ የቢላዋው ስለት ወደ ላይ ሆኖ በሁለቱ ጣቶች መሀል ይሂድ። ስለቱ ወደ ታች ከዞረ ጨጓራው ይቀደዳል፤ የጀማሪ ሁሉ ጥፋት ይኼ ነው። የሽንት ፊኛውን አንገቱን ቆንጥጣችሁ ያዙና ቁረጡ። ሆድና ደረትን የሚለየውን ስስ ግድግዳ ከጎድኑ ዳር ዳር ቁረጡ፣ እጃችሁን ወደ አንገቱ ሰዳችሁ የትንፋሽ ቧንቧውንና የምግብ ቧንቧውን ያዙ። የምግብ ቧንቧው ከመቆረጡ በፊት ይታሰር፣ አለበለዚያ ፈርሱ ደረቱ ውስጥ ይፈስሳል። ከዚያ ወደ ታች ስትስቡት ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል።

በምንጭ ውሃ ማጠብ የለም። እርጥበት ባክቴሪያውን ያሰራጨዋል። በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ፈርስ የነካውን በቢላዋ ላጡትና ጣሉ። ጎድኑን በአጭር እንጨት ከፍታችሁ ነፋስ ይግባበት። ከዚያ በየብልቱ ተከፋፍሎ፣ ሁለቱ ወርች፣ ሁለቱ ታፋ፣ ሽንጡና ጭቅናው ለየብቻ ጥላ ውስጥ ይሰቀል። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ትኩስ ሥጋ መጠቅጠቅ ግን ሥጋውን አፍኖ ማበላሸት ነው፤ ከአጥንቱ ዙሪያ ይጀምርና በማግሥቱ ይሸታል።

ጉበቱንና ሳንባውን ከፍታችሁ እዩ። ውሃ የቋጠረ ፊኛ ካለ የትል ኪስት ነው፤ ለውሻ አይሰጥም፣ በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ውሻ ከበላው ትሉን አሳድጎ በዓይነ ምድሩ ወደ ሰውና ወደ ከብት ይመልሰዋል። ውሻ ወደ አደኑ ባይመጣ ደግሞ የተሻለ ነው፤ በዚያ ደጋ ላይ ያለውን ቀይ ቀበሮ ክፉኛ የጎዳው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ጥይቱ የገባበትና የወጣበት ሥጋ ከቁስሉ ዙሪያ በሰፊው ተቆርጦ ይጣል። የእርሳስ ጥይት ሲበታተን ዓይን የማያየው ብናኝ ከቁስሉ ርቆ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ከዚያ አካባቢ አይሰጥም። የመጨረሻው ነገር ሊከብዳችሁ ይችላል፣ ግን እለዋለሁ። ጥሬ የለም፣ ለብ ለብም የለም። የዱር ሥጋ ምርመራ አላለፈም፤ መሀሉ እስከ 71 ዲግሪ ይብሰል።

ቆዳና_ጨው (ሐዋሳ)

ታቦር_ሥር፣ ሻንጣህን ስታዘጋጅ ከጨው ጀምር። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ኪሎ እርጥብ ቆዳ አንድ ኪሎ ጨው ይፈልጋል። የፊት ቆዳው (ከራሱ እስከ ትከሻው ኋላ ያለው) 12 ኪሎ ከመዘነ 12 ኪሎ ለመጀመሪያው፣ ለሁለተኛው ዙር ደግሞ ግማሹን ያህል ጨምር። ሙሉ ቆዳው ከተፈለገ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ትርፍ ይዘህ ሂድ፤ ዶዶላ ላይ ይገኛል ብለህ አትተማመን፣ ከካምፑ እስከ ከተማው ያለውን መንገድ አስብ። የአፍዴራውን ጨው ከገዛህ ድንጋይ ድንጋዩን ወቅጠህ አድቅቀው፤ ትልልቁ እህል የቆዳውን እጥፋት አይደርስበትም፣ ባልደረሰበት ቦታ ፀጉሩ ይረግፋል። አዮዲን የሌለው ከተገኘ ይሻላል፣ ካልተገኘ ያለው ይሠራል።

ፀጉር የሚረግፈው ባክቴሪያ ሥሩን ሲበላው ነው። የሚጀምረው ከጆሮ፣ ከከንፈር፣ ከዓይን ሽፋንና ከአፍንጫ ነው፤ እዚያ ሥጋና ስብ ስለሚቀር። ስለዚህ ሰዓት የምታጠፋው በፊቱ ላይ ይሁን፣ በጎኑ ላይ አይደለም።

ገፈፋው እንዲህ ነው። ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ከጎድኑ መሀል ላይ ዙሪያውን ቀለበት አድርገህ ቁረጥ። አብዛኛው ጀማሪ ከትከሻው ተጠግቶ ይቆርጥና ቆዳው ያጥራል፤ ያጠረ ቆዳ አይቀጠልም። በጉልበቱ ዙሪያ ቀለበት ቁረጥና ከእግሩ ኋላ በኩል ወደ ላይ ውጣ። ከዚያ ከጀርባው መስመር ጋማውን ተከትለህ በማጅራቱ እስከ ቀንዶቹ ኋላ ድረስ ሂድ፣ እዚያ ስትደርስ ወደ ሁለቱ ቀንዶች ሥር ተከፈል። በጉሮሮ በኩል መስመር አይወጣም። ቀንዱ ሥር ቆዳውን በቢላዋ አትቁረጠው፣ በደነዘ ጠፍጣፋ ብረት ፈልቅቀው።

ጆሮውን ከራስ ቅሉ ጋር የያዘውን ቁረጥና ቅርጫጩን እስከ ጫፉ ገልብጠው፣ እንደ ካልሲ። ጫፉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ሳይገለበጥ ከቀረ የሚረግፈው እሱ ነው። ዓይኑ ላይ ጣትህን ከውጭ በሽፋኑ ውስጥ አስገባና ጣትህን እየነካህ ከአጥንቱ ተጠግተህ ቁረጥ፤ ሽፋኑ ሙሉ ይምጣ። ከንፈሩን ከድዱ ተጠግተህ አውጣው፣ ከዚያ ከውስጥ ሰንጥቀህ ዘርጋው። የአፍንጫውን ቅርጫጭም ወደ ኋላ አርቀህ ቆርጠህ አሳሳው።

ሥጋና ስብ ከቆዳው ላይ እስኪነጣ ድረስ ፋቀው። ስብ ላይ የተነሰነሰ ጨው አይገባም። ከዚያ ተዳፋት ባለው ሸራ ላይ በፀጉሩ በኩል አስተኛውና በሥጋው በኩል አንድ ሴንቲ ያህል ውፍረት እስኪኖረው ጨው አልብሰው፣ በጆሮው ውስጥ፣ በከንፈሩ ስንጥቅ፣ በአፍንጫው እጥፋት በጣትህ እያሸህ። ውሃው በተዳፋቱ ይውረድ። በማግሥቱ የረጠበውን ጨው አራግፈህ ጣል፣ በአዲስ ድገም። ውሃ መውጣቱን ሲያቆም ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ገመድ ላይ ይድረቅ።

ፀሐይ ላይ ማስጣት የለም፤ ላዩ ይቃጠልና ውስጡ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ተነክሮ አይለሰልስም። ፌስታል ውስጥ መጠቅለልም የለም። ሊጠነክር ሲጀምር፣ ገና ሳይደርቅ አጥፈው፣ ካለበለዚያ እንደ ሳንቃ ይሆንና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ታቦር_ሥር (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም እጅግ አመሰግናለሁ። 25 ኪሎ ጨው ልይዝ ወስኛለሁ፣ ሶፍት፣ ሲባጎ፣ ጓንትና ሸራም ጨምሬያለሁ። ስለ መንደሩ ሽማግሌዎች ለባለሙያ አዳኙ አሁኑኑ ልጽፍለት ነው። አንድ ብቻ ቀረኝ፦ ቀንዱና ራስ ቅሉስ?

ቆዳና_ጨው (ሐዋሳ)

ሙሉ ቆዳ ካልተፈለገ 25 ኪሎ ይበቃሃል። ሁለት ቢላዋና አንድ መሳያ ጨምር፤ ትንሽ ስለት ያለው ለፊቱ፣ ሰፋ ያለው ለሰውነቱ። የአጋዘን ፀጉር ስለት ቶሎ ያደነዝዛል።

ቀንዱ ቅርፊት ነው፣ ውስጡ አጥንት አለ። በመሀላቸው ያለው ሥጋ ካልወጣ ይሸታል፣ ትል ያፈራል። ከመንቀልህ በፊት ቀንዱና ቅሉ በሚገናኙበት ላይ በእርሳስ መስመር አስምር፣ ግራና ቀኝም ጻፍ፤ በኋላ የሚመለሰው በዚያ ልክ ነው። የቀንዱን ሥር ብቻ ትኩስ ውሃ ውስጥ አቆየው። ውሃው ይተን እንጂ አይንተክተክ፣ ሙሉ ቀንዱን የነከረ ሰው ስንጥቅ ያተርፋል። ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ በሁለት እጅ ጠምዝዞ መሳብ ነው። እምቢ ካለ አታስገድደው፤ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህበት ሁለት ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ተወው፣ ራሱ ይለቃል። ከዚያ አጥንቱን ፍቀህ፣ የቅርፊቱን ውስጥ አጥበህ ጨው አድርግበት።

አንጎሉን ከማጅራቱ ቀዳዳ በወፍራም ሽቦ በጥብጠህ በውሃ አውጣው። ቅሉን በለዘብተኛ እሳት ቀቅለህ ሥጋውን በደነዘ ቢላዋ ላጠው። የአፍንጫው ስስ አጥንት በብዙ መፍላት ስለሚረግፍ በየሃያ ደቂቃው አውጥተህ እየው። ስካውቱ የቀንዱን ርዝመት በጠመዝማዛው ውጫዊ መስመር ላይ ለክቶ እስኪመዘግብ ድረስ ግን ከካምፑ አታውጣው።